አቅጣጫው ከተቀመጠ እኛ እንነሳ

«የት ነህ?»

«ማሳ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ቢሮ ለምን አልገባህም?»

«ማሽላው ቢሮ ስላልገባ።»

ይህችን መልስ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ላሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሰጥቻለሁ፤ ወስደው ይጠቀሙባት። ድምፅ ሳይጨምሩ፣ ፈገግ ብለው፣ ግን ሳያድበሰብሱ ይናገሯት። በእኛ አገር ተረብ የሚጣለው ፊት ለፊት ነው። አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሳል፣ ሁለቱም ስቀው ቡናቸውን ይጨርሳሉ፤ ቂም የለም። ቢሮ ስንገባ ግን ይህን ወግ በር ላይ ትተነው እንገባለን። አለቃ ፊት «እሺ፣ ይስተካከላል» እንላለን፤ አመሻሽ ላይ ቡና ቤት ተቀምጠን አጥንቱን እንግጣለን። ሐሜቱን እሱ አይሰማውም፤ ስላልሰማም አይታረምም። በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስልኩ እንደለመደው ይጮኻል።

የምለው አለቃ የቱ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሥራውን ይሰጥሃል፣ እጁን ግን ከላዩ አያነሳም። የጻፍከውን ደብዳቤ «በአክብሮት» የሚለውን ወደ «በታላቅ አክብሮት» ቀይሮ ይመልስልሃል፤ ተስተካክሎ ሲመጣለት «በአክብሮት ይሻላል» ይላል። ሰነፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ፣ ከሁሉ ኋላ የሚወጣ ታታሪ ሰው ነው። ግን የአሥር ሰው ሥራ ሊሠራ ሲሯሯጥ ይውላል፣ አሥሩ ሰው ደግሞ እሱን ሲጠብቅ ይውላል።

«እኔ ሳላየው ምንም ነገር እንዳይወጣ!»

«እርስዎ እስኪያዩት የሚጠብቅ ሰው በረንዳው ላይ አለ፤ ከሊብሶ በእግሩ ነው የመጣው።»

ከማሽላ የጀመርሁት ያለ ነገር አይደለም። ሀብሩ ላይ ውሳኔ ቀን አለው። ረጅሙ የአገር ማሽላ በበልግ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይዘራል። በልጉ ከቀረ ወይም ከዘገየ፣ ገበሬው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ቶሎ የሚደርስ ዘር መዝራት፣ አለዚያም ማሳውን ለጤፍ መስጠት ግድ ይሆንበታል። አቀንጭራ የተባለው አረም የገባበት መሬት ከሆነ ደግሞ እንደ ጎብዬና አብሽር ያለ አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ይፈልጋል። ለእነዚህ ዝርያዎች መገኘት የደከሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሩቅ ሳንሄድም የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ነው፤ ግራና-1 የተባለውን ማሽላ ያወጣው እሱ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያሠለጠነው የግብርና ኮሌጅም የተሠራው መርሳ ላይ ነው። በአገር ደረጃ እንዲህ ያሉ 25 ኮሌጆች ተደራጅተው፣ ወጣቶች ሦስት ሦስት ዓመት ተምረው፣ ለየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት አንድ አንድ ባለሙያ እንዲመደብ የተደረገው ውሳኔው ማሳው አጠገብ እንዲገኝ ነበር።

እስቲ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ያችን አንዲት ጠዋት አስቧት። ሌሊት ዘንቧል። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ አፈሩን ይጨብጣል፤ እጁን ሲዘረጋ አፈሩ ሳይፈረካከስ እንደተጨበጠ ከቆየ እርጥበቱ ገብቷል ማለት ነው። ገበሬው ከአጠገቡ ቆሞ ዐይን ዐይኑን ያየዋል፤ በሬዎቹ ተጠምደዋል። ዛሬ ይዘራ ወይስ ሌላ ዝናብ ይጠበቅ? የትኛው ዘር ይውጣ? ይህን መርሳ፣ የወረዳው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አያውቀውም፤ ወልድያ ዞን ያለውማ ከቶም አያውቀውም። አፈሩ በእጁ ያለው ባለሙያው ነው። ያን ጊዜ ስልኩ ይጮኻል።

«የዛሬው ሪፖርት ከ4 ሰዓት በፊት ይድረሰኝ። ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ምን እየሠራን እንደሆነ እየጻፍን ነው።»

በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች ወደ አገራችን ሲገባም ያየነው ይህንኑ ነው። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ካልተለቀመ ወይም ካልተረጨ በበቆሎው ሙሽራ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱም አያገኘው። በዚህ ላይ ፈቃድ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ሲመላለስ የሚያልፈውን ቀን ቁጠሩት።

«ሳታስፈቅድ ርጭት ለምን ጀመርህ?»

«ተምቹ ሳያስፈቅድ ስለጀመረ።»

ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ የፎቶው ነገር ነው። ቴሌግራም ከመጣ ወዲህ ሥራ በፎቶ ካልተደገፈ ሥራ አልሆነም። የተፋሰስ ሥራ ሲዘመት፣ ችግኝ ሲተከል፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ለግሩፑ የሚላክ ፎቶ ነው። ባለሙያው ሰዎቹን ሰብስቦ አካፋ ያስይዛቸዋል፣ መፈክር የተጻፈበትን ጨርቅ ከኋላ ያዘረጋል፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ይወጣል። ያ ሰዓት የእርከኑን ከፍታና የጉድጓዱን ጥልቀት የሚለካበት ነበር። ዋናው ጉዳት ግን የሰዓቱ አይደለም። ሠራተኛው ቀስ በቀስ ለመሬቱ መሥራቱን ትቶ ለካሜራው መሥራት ይጀምራል፤ ጥሩ ባለሙያ የሚበላሸውም እንዲህ ነው።

«ፎቶ ላክልኝ!»

«ፎቶው ችግኙ መተከሉን ያሳይዎታል፤ መጽደቁን ጥቅምት ላይ መጥተው በዐይንዎ ይዩት።»

ይህን የሚለው ሠራተኛ እምቢተኛ አይደለም። አለቃውን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ እየጠራው ነው።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተሰጣቸው ገንዘባቸውን በራሳቸው እንዲደለድሉ ተደርጓል። ለሕዝቡ የቀረበው የወረዳ አስተዳደር ነውና ችግሩን እሱ ያውቀዋል የሚል ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። ታዲያ ያ ሐሳብ ወረዳ ላይ ሲደርስ ለምን ይቆማል? ለወረዳው የሠራው ምክንያት ለቀበሌው ባለሙያ አይሠራም? ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋስ? ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጅ አሸክሞ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሆና እንድትሠራ ልኳታል። የነፍሰ ጡሯን ቤት የምታውቀው እሷ ናት። ጠዋት የማን ቤት እንደምትጀምር ግን ሌላ ሰው በስልክ ይነግራታል።

«ከዞን አቅጣጫ ተቀምጧል።»

«አቅጣጫው ከተቀመጠ እንግዲህ እኛ እንነሳ።»

በግሉ ሥራም ያው ነው። ወልድያ የመንገድ አገር ናት፤ ከደሴ የመጣው፣ ወደ ቆቦ የሚያልፈው፣ በድልብ ሽቅብ ወደ ጋሸናና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ሁሉ በእሷ ነው የሚያልፍ። የጭነት መኪና ባለቤት በየሰዓቱ ይደውላል።

«የት ደረስህ? ስልኩን ለምን አላነሳህም?»

«ድልብ ቁልቁለት ላይ ነበርሁ። ስልኩን ባነሳው ኖሮ መኪናውን የሚያነሳው ክሬን ነበር።»

የምግብ ቤት ባለቤት ደግሞ ወጥ ሠሪዋ ትከሻ ላይ ቆሞ «ሽንኩርቱ በሰለ?» ይላል፤ ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ።

«በስሏል ጋሼ። እኔም አብሬ እንዳልበስል ከምድጃው ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

«ትእዛዝ ነው!» ለሚል የግል አሠሪ ከሕግ የተቀዳ መልስ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 13 ሠራተኛው ከሥራ ውሉና ከሥራ ደንቡ የሚመነጭ ትእዛዝ እንዲፈጽም ያዛል። በአንቀጽ 12 ደግሞ አሠሪው ሥራውን በውሉ መሠረት እንዲሰጥና የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዛል። እንግዲህ መልሱ «ትእዛዝዎን እፈጽማለሁ፤ ክብሬንም ይጠብቁልኝ፤ ሁለቱም አንድ አዋጅ ውስጥ ናቸው» ነው።

ይህ የቅምጥልነት ጥያቄ የሚመስለው ካለ የእንግሊዝን የመንግሥት ሠራተኞች ጥናት ይስማ። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10 ሺህ በላይ የለንደን ሠራተኞችን ጤና ለዓመታት የተከታተሉት እነ ማይክል ማርሞት፣ በሥራው ላይ የመወሰን ዕድል ያነሰው ሠራተኛ በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከፍ እንደሚል በ1997 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ካራሴክም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1979 እ.ኤ.አ.፣ ሰውን የሚያደክመው የሥራው ብዛት ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሥራው በዝቶ ውሳኔው በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ነው ጭንቀቱ የሚብሰው። ሠራተኛችን ማታ ቤቱ ገብቶ ልጆቹ ላይ የሚጮኸው ጠባዩ ከፍቶ እንዳይመስለን።

አሁን መልሱ ከአፍ ወደ እጅ ይውረድ፤ ተረብ ብቻውን ነፃነት አያመጣም።

ከሁሉ በፊት አለቃህ ምን እንደሚያስፈራው እወቅ። የመርሳው ኃላፊ ከወልድያ ይደወልለታል፣ ወልድያ ከባሕር ዳር ይደወልለታል። «ስንት ሄክታር? ስንት አባወራ? በዚህ ሰዓት!» ይባላል። የሚመልሰው ሲያጣ ስልኩን አንስቶ አንተን ያስጨንቃል። ስለዚህ ቅደመው። ጠዋት በ2 ሰዓት የሚደውል ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት መስመር ላክለት፤ ትናንት ያለቀው ይህ ነው፣ ዛሬ የምውለው እዚህ ነው፣ ከእርስዎ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። በዚያች «ብቻ» ውስጥ ሌላው ሁሉ የአንተ እንደሆነ ተነግሮታል። አንድ ሁለት ሳምንት አያምንህም፤ መደወሉን ይቀጥላል። አንተም መላኩን ቀጥል። የሚፈልገው ቁጥር ሳይጠይቅ እጁ ከገባለት መደወሉ ይቀንሳል።

ቀጥሎ የሥራ መዘርዝርህን ከፋይሉ አውጣ። አብዛኞቻችን በተቀጠርንበት ቀን ፈርመን ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ይዘኸው ግባና ጠይቅ። «ጋሼ፣ ከዚህ ውስጥ እኔው ወስኜ የምጨርሰው የቱ ነው? ወስኜ የማሳውቅዎትስ? ሳልጠይቅዎት የማልነካውስ?» ብዙውን አለቃ ይህን ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በሦስተኛው ውስጥ ይወድቅበታል። የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ነገ ዘልሎ ሲገባብህ ጠብ አያስፈልግም። «ይህ እኔ የምወስነው ላይ ነው የተጻፈው ጋሼ፤ ካልተስማማዎት እናዛውረው፤ ግን ጽፈን እናዛውረው» በለው።

እንቢ ካለ ትንሽ ጠይቅ። አንድ ጎጥ፣ አንድ ክረምት። «በዚህ ጎጥ ዘሩንና ቀኑን ከገበሬው ጋር ልወስን፤ ኅዳር ላይ ውጤቱን ይጠይቁኝ» ማለት የማይፈቀድ ነገር አይደለም። ከተሳሳትህም ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት አንተው ደውል። ስህተቱን ከአንተ የሰማ አለቃ በሌላው ቀን ሊያምንህ ይችላል። ከጎረቤት የሰማ ግን ሁለተኛ ዐይኑን ከላይህ አያነሳም፤ አይፈረድበትምም።

«አምንሃለሁ፤ ግን ልከታተል።»

«ካመኑኝ ውጤቱን ይከታተሉ፤ እግሬን ይተዉልኝ።»

ግምገማ ላይ ደግሞ ዝም አትበል። እኛ ሠራተኞች ግምገማ ላይ አንገት ደፍተን፣ ግምገማው ሲያልቅ በር ላይ ክብ ሠርተን እናጉተመትማለን። እጅህን አውጣና አንድ ጉዳይ፣ አንድ ቀን ብቻ ጥራ። «ይቆጣጠሩናል» አትበል፤ ይህ ስሜት ነው፣ በስሜት ይመለስልሃል። ዘሩን የጠየቅህበትን ቀን፣ መልሱ የመጣበትን ቀን፣ በመሐል ያለፈውን ዝናብ ተናገር። ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍልኝ በል። ቀንን የሚክድ የለም።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ሳልል አላልፍም፤ ሁሉም ቁጥጥር ክፉ አይደለም። የገንዘብ ሰነድ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር። የመድኃኒት መጋዘን ይቆጠር። ትናንት ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የገባ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት አጠገቡ ሆኖ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል፤ ብቻውን መጣሉ ነፃነት መስጠት አይደለም። «አታምኑኝም» ብሎ ካዝና እንዳይቆጠርበት የሚፈልግ ሠራተኛ ካለ ከእኔ መልስ አይበደርም። የምከራከረው ለሙያ ውሳኔ ነው።

ለኃላፊዎቹም የምለው አለኝ፤ ብዙዎቻችሁ ትናንት እዚያው ማሳ ላይ ነበራችሁ።

«እኔ በአንተ ቦታ ሳለሁ እንዲህ አልነበረም።»

«ያን ጊዜ በቀን ሰባት ጊዜ የሚደውልልዎ ነበር? ካልነበረ ያንኑ ይስጡኝ።»

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ካይዘን የተባለውን ሥራን የማሻሻል ዘዴ የሚያስፋፋ ኢንስቲትዩት አቋቁመን በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ሰጥተናል፤ መደርደሪያ ላይ ምልክት ለጥፈናል፣ ወለል ላይ ቢጫ ቀለም ቀብተናል። የካይዘን መነሻ በሆነችው ጃፓን፣ ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጉድለት ያየ ተራ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ምርቱን ማስቆም ይችላል። አለቃው መጥቶ ይረዳዋል እንጂ «ማን ፈቀደልህ?» አይለውም። እኛ ቀለሙን ወስደን ገመዱን ተውነው። ከጃፓንም መማር ካስቸገረን ከመስኖ ገበሬዎቻችን እንማር። የውኃ አባት ይመርጣሉ፤ ተራውን እሱ ያከፋፍላል። ካጠፋ ይሽሩታል። ካላጠፋ ግን ለእያንዳንዱ ቦይ መክፈቻ ስብሰባ አይጠሩበትም።

«ኃላፊነቱ የኔ ነው! ቢበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ!»

«እውነት ነው ጋሼ። ስለዚህ የሚጠየቁበትን ነገር ይንገሩኝና የምሠራበትን መንገድ ለኔ ይተዉት። ሁለቱንም ከያዙት እኔን ለምን ቀጠሩኝ?»

የሀብሩ፣ የመርሳና የወልድያ ኃላፊዎች ሆይ፣ ከመጪው ሚያዝያ በፊት አንድ ገጽ ጻፉልን። የዘሩ ዓይነት፣ የመዝሪያው ቀንና የተባይ ርጭቱ ውሳኔ የገበሬውና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ነው በሉ። ከመጋዘን ዘር ሲጠየቅ በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደምትሰጡም አብራችሁ ጻፉ። ማኅተም አድርጉበትና በየገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሐምሌ ላይ አትደውሉ፤ ኅዳር ላይ ኑና ምርቱን ቆጥራችሁ ጠይቁን።